«ይህ ታንክ ባለቤት የለውም እንዴ?» - በሞዴል ታንኮች ዝገት ላይ የቀረበ ሂስ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። አርባውን ያለፈ፣ ሁለት ልጆች ያሉት፣ በሙያውም መሐንዲስ የሆነ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ምድር ቤት ተቀምጦ የፕላስቲክ ታንክ ቀለም ሲቀባ ይውላል ቢሏችሁ ተረቱን ለመተረት እንደማትቸኩሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ያ ሰው እኔ ነኝና። የዚህ ዓምድ አንባቢ ከምርጫ፣ ከሕገ መንግሥትና ከታሪክ ክርክር ወጣ ያለ ጽሑፍ ሲያጋጥመው «ይኼኛውን ደግሞ ምን ነካው?» እንደሚል አውቃለሁ። ሆኖም ዛሬ ያቀረብኩት ሂስ ነው፤ ሂስ ደግሞ ለልቦለድና ለሥዕል ብቻ የተፈቀደ አይደለም። የምሄሰውም የሌላ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ ለአሥራ ሁለት ዓመታት የደከምኩበትን፣ አንድ ጊዜም የተሸለምኩበትን ሥራ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአጎቴ ነው። አጎቴ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስ የቲ-55 ታንክ ሹፌር ነበሩ። በየትኛው ብርጌድ፣ በየትኛው ግንባር የሚለውን እዚህ አላነሳም፤ እሳቸውም አይወዱትም፣ ለተነሳሁበት ጉዳይም አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት ልጃቸው ስትወልድ ሊጠይቋት ወደዚህ ወደ ሜሪላንድ መጡና አንድ ቅዳሜና እሑድ እኛ ቤት አሳለፉ። እኔም ካርድ ይዞ እንደመጣ ተማሪ እየተጣደፍኩ፣ በአካባቢያችን የሞዴል ሠሪዎች ውድድር ሁለተኛ የወጣልኝን ቲ-55 ከመስታወት ሣጥኑ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ታንኩን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት። በቀኝ አዩት፣ በግራ አዩት፣ ገልብጠው ሆዱን አዩት። ዝምታው ሲረዝምብኝ «እንዴት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ይህ ታንክ ባለቤት የለውም እንዴ?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ትንሽ ማብራሪያ ልስጥ። እኛ የምንሠራቸው ታንኮች በአብዛኛው ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሱ ናቸው። ለምን 35? ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ያስቃል። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሞተር የሚሄድ የጀርመን ፓንተር ታንክ ሲያወጣ የአካሉን ስፋት የወሰነው ባትሪዎቹ ውስጡ እንዲገቡለት አድርጎ ነበር። በኋላ ሲለካ 1፡35 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ዓለምም ያንን ተከተለ። ለባትሪ የተሰፋ ልብስ ነው የምንለብሰው ማለት ነው። የእኔ ቲ-55ም የዚሁ የታሚያ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣና እስከ ዛሬ የሚወደድ። የፕላስቲክ ክፍሎቹ ተገጣጥመው በአረንጓዴ ቀለም ከተረጩ በኋላ ግን ታንክ ሳይሆን መጫወቻ ነው የሚመስሉት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ፣ ማለትም አቧራውን፣ ጭቃውን፣ የዘይት ጠብታውን፣ የተላላጠውን ቀለምና ዝገቱን በብሩሽ መፍጠር፣ ሞዴሉን «ታንክ» የሚያደርገው እሱ ነው። በአማርኛ ስም የለውምና እኔ «ማስረጀት» እለዋለሁ። ሂሴም በዚህ በማስረጀት ላይ ነው።

ማስረጀት የራሱ ታሪክና የራሱ ጌቶች አሉት። አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን (እ.ኤ.አ. በ2015 ያረፈ) እ.ኤ.አ. በ1980 በታተመው መጽሐፉ አንድ ትውልድ አስተምሯል። የፔይን ትልቁ ትምህርት ቀለም ላይ አይደለም፤ ትዕይንቱ ታሪክ ይንገር የሚል ነው። ወታደሩ ወዴት እየተመለከተ ነው? ታንኩ ለምን ቆመ? በዚያው ዘመን ቤልጂየማዊው ፍራንሷ ቨርሊንደን የራሱን ስልት ይዞ መጣ። ጥቁር ቡናማ ቀለም በቲነር አቅጥኖ ታንኩን ማጠብ፣ ሲደርቅ ደግሞ ቀለም ያልጠገበ ብሩሽ በጠርዞቹ ላይ ማሻሸት። ጉድጓዱ ይጨልማል፣ ጠርዙ ያበራል። በፎቶግራፍ ላይ ውብ ነው። ችግሩ ሁሉም ታንክ ከአንድ ድስት የወጣ መምሰሉ ነው፤ ሩሲያ በረዶ ላይ የዋለውም ሰሜን አፍሪካ አሸዋ ላይ የዋለውም አንድ ዓይነት ወጥ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል።

ከዚያ የስፔን ሰዎች ዘመን መጣ። ሚጌል ሂሜኔዝ (በሙያው ዓለም «ሚግ» ተብሎ የሚታወቀው) በመጀመሪያ ሚግ ፕሮዳክሽንስ፣ በኋላ ደግሞ አሞ በተባሉት ድርጅቶቹ የአቧራ ዱቄቱን፣ የዘይት ቀለሙን፣ በላይ በላይ የሚደረበውን ሥራ ወደ እያንዳንዳችን ጠረጴዛ አደረሰ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህም የፀጉር ስፕሬይ ከዝገት ቀለምና ከላይኛው ቀለም መካከል ረጭቶ በውሃ እያራሱ መላጥ ተለመደ። ይህ በእውነት ድንቅ ዘዴ ነው፤ ቀለሙ የምር ይላላጣልና። ሚስቴ አንድ ሰሞን «ይህ ሁሉ ስፕሬይ ለማን ፀጉር ነው?» እያለች ስትጠይቀኝ ከርማለች።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙ ተምሬያለሁ፤ ውለታቸውን አልክድም። ሂሜኔዝ ራሱ የእውነተኛ ተሽከርካሪዎችን ፎቶግራፍ እዩ እያለ ነው ያስተማረው። ግን አንድ ነገር ተከተለ። ዝገቱ በብልቃጥ መሸጥ ጀመረ። «የዝገት ፈሰስ» የሚል ብልቃጥ አለ፣ «የቆሻሻ ፈሰስ» የሚል ብልቃጥ አለ፣ የአውሮፓ ጭቃ፣ የበረሃ አቧራ፣ የሞተር ቅባት የሚሉ ብልቃጦች አሉ። መደርደሪያዬ ላይ እነዚህን ስቆጥር 31 ሆኑ። ብልቃጥ ያለው ሰው ደግሞ ብልቃጡን ይጠቀማል። «ይህ ብሎን ለምን ዛገ?» ብሎ መጠየቅ ቀርቶ «የዝገት ፈሰሱን ገና አልተጠቀምኩም» ማለት መጣ። በኋላም ከታንክ መማር ቀረና ሞዴል ከሞዴል መማር ጀመረ። ዳኞቹም እንዲሁ። የሚሸለመው እውነተኛ ታንክ የሚመስለው ሳይሆን ባለፈው ዓመት የተሸለመውን ሞዴል የሚመስለው ሆነ። እኔም የተሸለምኩት በዚሁ መንገድ ነው።

መሐንዲስ ነኝና እስቲ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ሞዴሉን የምናየው ከ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ነው እንበል። በ35 ሲባዛ 14 ሜትር ይመጣል። እንግዲህ ሞዴሉን የሚያይ ሰው እውነተኛውን ታንክ 14 ሜትር ርቆ ቆሞ እንደሚያይ ነው። ጤነኛ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ስፋት የአንድ ዲግሪ 60ኛ ያህል ነው፤ በ14 ሜትር ላይ ይህ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ያነሰ ጭረት ከዚያ ርቀት አይታይም። እኛ ግን በቀጭኑ ብሩሻችን የምናሳርፈው ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ በታንኩ ላይ 17.5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቁስል ነው። በተሸለመው ታንኬ ግራ ጎን ብቻ እንዲህ ያሉ 212 ቁስሎች ቆጠርኩ። አንድ ታንክ እንዲህ የሚሆነው ሠራተኞቹ በየቀኑ በመዶሻ ሲቀጠቅጡት ቢውሉ ነው።

ዝገቱም ሕግ አለው። ብረት እንዲዝግ እርጥበት ይፈልጋል፤ በአየሩ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ በታች ሲሆን ዝገት እጅግ ዘገምተኛ ነው። ኦጋዴን ላይ፣ ወይም በበጋ ወራት በደጋው ላይ፣ ታንክን የሚያሸንፈው ዝገት ሳይሆን አቧራ ነው። ሰንሰለቱን ደግሞ ውሰዱ። ሁላችንም የሞዴሉን ሰንሰለት ብርቱካንማ ቀይ እናደርገዋለን። የቲ-55 ሰንሰለት ግን ብዙ ማንጋኒዝ ካለበት ብረት የሚወጣ ነው፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ሃድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1882 ያገኘው፣ በተመታ ቁጥር እየጠነከረ የሚሄድ ዓይነት ብረት። ታንኩ በሄደ ቁጥር መሬት የሚነካው ፊቱና መንኮራኩሮቹ የሚሄዱበት ውስጡ እየተፋቀ እንደ ማንኪያ ያበራል፤ የቀረው ጥቁር ቡናማ ሆኖ አቧራ ይጠጣል። ብርቱካንማ የሚሆነው ዝናብ መትቶት ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ነው።

አጎቴ ሃድፊልድን አያውቁም። ይህንን ግን ከመጻሕፍቴ ሁሉ አሳጥረው ነገሩኝ። «ሰንሰለቱ እንዲህ ከቀላ ታንኩ ከሰነበተበት አልተነሳም ማለት ነው። ካልተነሳ ደግሞ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ነዳጅ የለም፣ ወይ አዛዡ ተኝቷል። የትኛው ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የትኛው እንደሆነ አስቤው አላውቅማ!

ከዚያ ጣታቸውን ሞዴሉ ላይ እያዞሩ መረመሩኝ። መረመሩኝ ማለት ይሻላል፤ ታንኩን አልነበረምና። ማርሚታው በግራ ፓራፋንጎ በኩል ነው፤ ቲ-55 ደግሞ ናፍጣ ወደ ጢስ ማውጫው እየረጨ መጋረጃ ጢስ የሚፈጥርበት ዘዴ ስላለው በግራ በኩል ያለው ጥላሸት ደረቅ አይደለም፣ ቅባት አለው፣ አቧራም ይይዛል። የእኔ ግን ደረቅ ጥቁር ዱቄት ነበረ፤ ያውም ለውበት ብዬ በቀኝም በኩል ትንሽ አድርጌያለሁ። በቀኝ ፓራፋንጎ ላይ ያሉት የነዳጅ ሣጥኖች ክዳን ዙሪያ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ናፍጣ ሲቀዳ ይፈሳልና፣ አቧራው እዚያ ላይ እንደ ሊጥ ይጋገራል። የእኔ ክዳን ዙሪያ ዝገት ነበረው። «ናፍጣ የሚፈስበት ቦታ ይዝጋል እንዴ አንተ ልጅ? ኢንጂነር አይደለህም?» አሉኝ። አፈርኩ።

ሹፌሩ የሚገባበት ቀዳዳ ከፊት በግራ ነው። እሳቸው በየቀኑ የት እንደሚረግጡ፣ የትኛውን መንጠቆ እንደሚይዙ በጠረጴዛዬ ዙሪያ እየተንቀሳቀሱ አሳዩኝ። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ግራ እግራቸውን ከፍ አድርገው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰውነታቸው አልረሳውም። እግር የሚረግጥበት ቦታ ቀለሙ ያልቃል፣ ግን አይዝግም፤ ነገም ይረገጣልና። እጅ የሚይዘው መንጠቆ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። ከበስተኋላ በኩል መሬቱ ላይ ሁልጊዜ ጥቁር እርጥበት አለ፤ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው በናፍጣ የሚያጥቡት እዚያ ነበር። አቧራ በበዛበት ቦታ ማጣሪያው ካልታጠበ ሞተሩ ይሞታል፤ 36 ቶን የሚመዝን ነገር ደግሞ በገመድ አይጎተትም። «ዝገት ብታይ ቅጣት ነበረው» አሉ። «ቀለም ባይኖር እንኳ ግራሶ ይቀባል። እኛ እኮ አራት ሰው ሆነን እዚያ ላይ እንኖር ነበር። የት ነው ብርድ ልብሳችን? ሸራው የታለ? ባልዲው የታለ?»

ባልዲ! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሠራኋቸው ታንኮች ሁሉ ላይ አንድም ባልዲ ሰቅዬ አላውቅም። የጀርመን ሞዴል ሠሪዎች የሚሰቅሉት ባልዲ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን እሱም ከሣጥኑ ውስጥ ስለሚመጣ የሚሰቀል ነው።

እንግዲህ የሂሴ ፍሬ ነገር ይህ ነው። አሁን የተለመደው ማስረጀት የጊዜን ሥራ ያሳያል፤ የሰውን ሥራ ግን ይሰርዛል። ዝገት ራሱ በራሱ ይመጣል፣ ማንንም አይጠይቅም፣ ማንም አያስፈልገውም። መታጠብ፣ መቀባት፣ መረገጥ፣ መያዝ፣ መደገፍ ግን ሰው ይፈልጋሉ። እኛ በትንሹ ታንካችን ላይ ሁለት መቶ ሰዓት ስንደክም የምናስቀምጠው የማንም ድካም የሌለበትን መልክ ነው። ጥላ የሌለው ሰው እንደ መሣል ነው።

አንድ የክለባችን ሰው (ከእኔ የተሻለ ቀለም ቀቢ ነው፣ እመሰክራለሁ) ይህንን ስነግረው እንዲህ ሲል ተከራከረኝ። ሞዴል ትያትር ነው፣ ሰነድ አይደለም፤ ተዋናይ መድረክ ላይ ሲወጣ ፊቱን የሚቀባው ከሩቅ እንዲታይ ነው፤ አቧራ ብቻ የለበሰ ታንክ ከ40 ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ወጥ ቡናማ ጉብታ ነው የሚመስለው፤ ዓይን ማረፊያ ይፈልጋል። ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። ቀለምን ከእውነቱ ማድመቅ፣ ጥላን ማጥቆር ግድ ነው፤ ብርሃን ራሱ በ35 አይካፈልምና። ነገር ግን ተዋናይም ቢሆን ፊቱን የሚቀባው የሚጫወተውን ሰው አውቆ ነው። ሽማግሌ የሚጫወተውም፣ ሙሽራ የሚጫወተውም፣ ሬሳ የሚጫወተውም አንድ ዓይነት ቅባት ቢቀቡ ያ ትያትር አይደለም። ዓይን ማረፊያ ከፈለገ በግራ ማርሚታው ዙሪያ ያለው ቅባታም ጥቁር፣ በክዳኑ ዙሪያ ያለው እርጥብ ናፍጣ፣ የሹፌሩ እግር ያጸዳው ብረት አይበቃውም?

አጎቴ ሞዴሉን መልሰው ሲያስቀምጡ አንድ ነገር ጨመሩ። «ሞቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ግን የሞተም እንዲህ አይደለም።»

የሞተውን እኔም አውቀዋለሁ። በ1983 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የእናቴ ዘመዶች ካሉበት መንደር አጠገብ አንድ የተቃጠለ ታንክ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ለእረፍት ስንሄድ እናገኘዋለን። በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የተቃጠለ ታንክ ተወዳጅ ርዕስ ነው፤ እንደ ልብ ዝገት ይቀባበታልና። ሆኖም እዚህም ላይ የተለመደው አሠራር ይዋሻል። ታንክ ሲቃጠል በመጀመሪያ የሚሞተው ቁመናው ነው። ክብደቱን የተሸከሙት ቶርሽን ባር የሚባሉት የሚጠመዘዙ ዘንጎች ጥንካሬያቸውን ያገኙት በሙቀት ተገርተው ነው፤ ሲቃጠሉ ያ መገራታቸው ይጠፋል፣ ታንኩም ሆዱ ወደ መሬት ይወርዳል። በመንኮራኩሮቹ ላይ ያለው ላስቲክ ተቃጥሎ ነጭ አመድ ይሆናል። ቀለሙ በወጣበት በኩል ብረቱ በቀናት ውስጥ ፈዛዛ ብርቱካንማ ይሆናል፤ እሳቱ ያልደረሰበት ግን አረንጓዴነቱን ይዞ ዓመታት ይቀመጣል። ብዙዎቹ የውድድር «የተቃጠሉ» ታንኮች ግን ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ጎማቸው ያልተነካ፣ ከላይ እስከ ታች ግን የዛጉ ናቸው። ሞተው የቆሙ።

ሌላም አለ፤ ይህንን ደግሞ በአንድም ሞዴል ላይ አላየሁትም። የዚያ የመንደራችን ታንክ ግንባር ያበራ ነበር። ለምን? እኛ ልጆቹ እንንሸራተትበት ስለነበረ ነው። የቲ-55 የፊት ለፊት ብረት ከመሬት በ30 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው፤ ዛሬ በሒሳብ ስመለስበት፣ በሱሪያችንና በብረቱ መካከል ያለው ሰበቃ ከ0.58 በታች ከሆነ ልጅ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ሰሞን ዝገቱ ሻካራ ስለነበረ አንንሸራተትም፤ ውሃና አፈር እያፈሰስን በቂጣችን ሞረድነው። በሦስተኛው ክረምት መስታወት መሰለ። ሱሪያችን ደግሞ ቀላ፤ እናቴ በዚያ ቀይ እድፍ የት እንደዋልኩ ታውቅ ነበር። ሞተሩ ባለበት በስተኋላ በኩል ያለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ሴቶቹ በርበሬ ያሰጡበት ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ ይሞቃልና። በአፈሙዙ ውስጥ ወፍ ትኖር ነበር። ሠራተኞቹ ወጥተው ይሁን ሳይወጡ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከከተማ ወጣ ብሎ አስመራ ያለውን የታንኮች መቃብር በፎቶግራፍ ያያችሁ ትኖራላችሁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተሽከርካሪዎች ተደራርበው፣ በመካከላቸው ቁልቋልና በለስ በቅሎ። ብዙ የውጭ አገር ሞዴል ሠሪዎች ያንን ፎቶግራፍ እንደ የዝገት መማሪያ ይለዋወጡታል። አንዱ «እንዴት ያለ ውብ ዝገት!» ብሎ ጽፎ አንብቤ ለረጅም ጊዜ ስሜቴን ምን እንደምለው ግራ ገብቶኝ ነበር። አልተሳሳተም፤ ውብ ነው። ግን ከእነዚያ ታንኮች መካከል ምናልባት አጎቴ ሰንሰለቱን ግራሶ የቀቡት፣ ባልዲ የሰቀሉበት ይኖራል። ምጽዋ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 የተደረገውን ውጊያ ለማስታወስ በመደብ ላይ የቆሙ ሦስት ታንኮች አሉ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1982 መሆኑ ነው። ጨው ያለበት የባሕር አየር እያለ እንኳ እነዚያ ታንኮች የሚቀባቸው ሰው ስላላቸው ከአስመራዎቹ የተሻለ ቀለም አላቸው። የአሸናፊ ታንክ ባለቤት አለው፤ የተሸናፊው ውብ ዝገት አለው። ፖለቲካውን ለሌሎች ልተወውና፣ ለቀለም ቀቢ ግን ይህ ትምህርት ነው። የብረቱ ዓይነት አንድ ሆኖ ሳለ መልኩን የለየው የሚንከባከበው እጅ ነው።

አጎቴ ወደ አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ያንን የተሸለመ ታንክ አልኮል ውስጥ ነክሬ ቀለሙን አወለቅሁት። ልጄ «አባዬ፣ ሽልማቱንስ ይወስዱብሃል?» አለኝ። አይወስዱም አልኩት።

እንደገና መቀባት ስጀምር ከ31ዱ ብልቃጦች 26ቱን መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁባቸው። መሠረቱ ያው አረንጓዴ ነው። በላዩ የዘይት ቀለም በብሩሽ ጫፍ እየነካሁ፣ በቲነር እያሟሟሁ፣ ፀሐይ የመታውን የላይኛውን ገጽ አፈዘዝኩት። ለአቧራው የተገዛ ዱቄት አልተጠቀምኩም ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ከኢትዮጵያ የመጣ የአጎቴን ጫማ አቧራ አይቼ ቀለሙን ከዚያ ጋር አመሳሰልኩ። ጭቃው ዋልካ ነው። ዋልካን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲረጥብ ጥቁር ነው፣ በሰንሰለቱ መካከል እንደ ሊጥ ይጠቀጠቃል፣ ሲደርቅ ግን አመድማ ይሆንና እየተሰነጠቀ ይወድቃል። የትኛውም ብልቃጥ ላይ ዋልካ የሚል አላየሁም። ስቱኮ ከጥቁርና ከግራጫ ቀለም ጋር ለውሼ ጠቀጠቅኩት፤ ሳይደርቅ በፊት ግን ብሩሽ በጣም ስላረጠብኩ ሁለት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁ። ለአፈሩ ቅንጣትም ሒሳብ አለው፤ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነ ዱቄት በታንኩ ላይ የ3.5 ሚሊ ሜትር ጠጠር ነው፣ ስለዚህ በሻሽ ነፋሁት። በግራ በኩል ጥላሸቱን በቅባት ሠራሁ። የክዳኖቹን ዙሪያ አረጠብኩ። ሹፌሩ የሚረግጥበትን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ዝገት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከበስተኋላ ባለው የነዳጅ በርሜል ታች፣ አጎቴ «እሱን ማንም አያየውም ነበር» ያሉት ቦታ።

ይህንን ታንክ ዘንድሮ ለዚያው ውድድር አቀረብኩት። ምንም አላገኘም። አንዱ ዳኛ በወረቀቱ ላይ «ማስረጀቱ አልተጠናቀቀም» የሚል አስተያየት ጻፈልኝ። ዳኛውን አልወቅስም፤ ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ዳኛ ብሆን ኖሮ ያንኑ እጽፍ ነበር።

ባልዲውን የሠራሁት በመጨረሻ ነው። 28 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ባልዲ በ35 ሲካፈል 8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከወይን ጠርሙስ አፍ የተላጠ ቆርቆሮ ጠቅልዬ፣ እጀታውን ከቀጭን መዳብ ሽቦ አጥፌ፣ ታቹን ትንሽ ጠርምሼ፣ በስተኋላ በቀኝ በኩል ሰቀልኩት። ፎቶግራፍ አንስቼ ለአጎቴ በስልክ ላክሁላቸው። ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ደወሉ። ስለ ልጃቸው ልጅ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ ሚስቴን ሰላም በልልኝ አሉ። ሊዘጉ ሲሉ ነው ወደ ታንኩ የመጡት።

«ባልዲው ጥሩ ነው» አሉ። «የምንሰቅለው ግን በግራ ነበር። በቀኝ በኩል ነዳጅ ስንቀዳ ውሃው ናፍጣ ናፍጣ ይላል።»

ሙጫው በደንብ ይዟል። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቀለሙን ሳልነካ አነቅለው እንደሆነ አያለሁ።